እንቅፋቱን መቁጠር፤ ጎንደር ላይ አዋቂ ሰው እንዳይወድቅ ቤትንና መንገድን የማዘጋጀት አሠራር

ሰው ሲደናቀፍ አጠገቡ ያለው «እኔን ይድፋኝ» ይላል፤ የተደናቀፈውም «ምንም አልሆንኩ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራል፤ ነገም ሌላ እግር ይጠብቃል። ይህ አሠራር ድንጋዩን ስለማግኘትና ስለማንሳት ነው። ድንጋይ ስንል የበሩን ደፍ፣ ያልተስተካከለውን ደረጃ፣ ያለቀውን ሶል፣ ከተኙበት ብድግ ሲሉ የሚያዞረውን ራስም ጨምረን ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት በመላው ዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ሕይወቱን ያጣል፤ ሕክምና የሚያስፈልገው አወዳደቅ ደግሞ 37.3 ሚሊዮን ይደርሳል። ከሟቾቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። «መውደቅ የሽማግሌ ነው» የሚለው ግምትም ግማሽ እውነት ነው። አሜሪካ ባልቲሞር በተካሄደ የረጅም ጊዜ ጥናት ባለፉት 2 ዓመታት ወድቀናል ያሉት ከ20 እስከ 45 ዓመት ካሉት 18 በመቶ፣ ከ46 እስከ 65 ካሉት 21 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካሉት 35 በመቶ ነበሩ። ወጣቱም ይወድቃል፤ ልዩነቱ አጥንቱ ስለሚችለው ተነስቶ ልብሱን አራግፎ መርሳቱ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ወደ ፊት የሚሄደው እግር ጣቱ ከመሬት የሚርቀው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ያውም እግሩ በጣም በሚፈጥንበት ቅጽበት። ትልቅ ድንጋይ ይታያል፣ ሰውም ይዞረዋል። የሚጥለው አንድ ጣት ያህል ከፍ ያለው ነው፦ ጠርዙ የተገለበጠ ምንጣፍ፣ ከጎረቤቶቹ ትንሽ ብቅ ያለ ኮብልስቶን፣ ከሌሎቹ በትንሹ የሚበልጥ ደረጃ። ሲድከሙ፣ ሲያወሩ ወይም ሸክም ሲይዙ እግር የሚነሳበት ከፍታ ስለሚለዋወጥ ሺህ ጊዜ ያለፉበት ደፍ አንድ ቀን ይይዝዎታል።

1. ለሁለት ሳምንት መቁጠር

ወረቀት በሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ እርሳስ በክር ይንጠልጠልበት። ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ ተደናቀፍኩ፣ አዳለጠኝ፣ ተንገዳገድኩ። የቤቱ ሰው ሁሉ ባይወድቅም እንኳ በተደናቀፈ ቁጥር ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ያደረገውን ጫማና በእጁ የያዘውን ይጻፍ። የወደቀ ሰው ጽሑፉን ያክብበው።

ሦስቱን መለየቱ ለወግ አይደለም። ሲደናቀፉ እግር ተይዞ ሰውነት ወደ ፊት ይደፋል፤ የሚጎዳው የእጅ አንጓ፣ ጉልበትና ፊት ነው፤ መፍትሔው ከፍታ ማስተካከል ነው። ሲያዳልጥ እግር ወደ ፊት ይሸሽና ሰውነት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዳሌ፣ ወገብና ማጅራት ይመታሉ፤ መፍትሔው ወለልና ሶል ነው። ያለ ምንም እንቅፋት መንገዳገድ ግን ከሰውነት የሚመጣ ስለሆነ ወለል ቢለሰን ባይለሰን ለውጥ የለውም።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች መውደቃቸውን ይደብቃሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከተናገሩ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ብቻቸውን መሄድ ሊከለከሉ ነው። ስለዚህ «ወደቁ ወይ?» ብለው አይመርምሯቸው። «እማማ፣ ዛሬ የትኛው ቦታ እንቅፋት መታዎት?» ብለው ቢጠይቁ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። ጥያቄው ስለ ድንጋዩ ነው፣ ስለሳቸው አቅም አይደለም።

በ14ኛው ቀን ወረቀቱን ይውሰዱ። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው። ቦታው የተለያየ ሆኖ ጫማው አንድ ዓይነት ከሆነ ጫማውን ይመልከቱ። ሦስተኛው ዓምድ ከሞላ ቀጥታ ወደ ቁጥር 7 ይሂዱ።

2. የሌሊቱ መንገድ፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት

ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ማታ ለመኝታ በሚያደርጉት ጫማ መንገዱን አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ይሂዱና እግርዎ የነካውን ሁሉ ይቁጠሩ። ከዚያ፦

80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ሁልጊዜ ባዶ ይሁን። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጄሪካንና ባልዲው ሁሉ በአንድ ሌሊት መተላለፊያውን ይሞላል፤ ከበሩ ተቃራኒ ባለው ግድግዳ በአንድ ረድፍ ይደርደር፣ ክዳኑም ይዘጋ።

የኤሌክትሪክ ምጣድና የማከፋፈያ ገመድ በር አያቋርጥ። ሌላ መንገድ ከሌለ በግድግዳው ጥግ ተሰክቶ በበሩ ጉበን ላይ ይዙር። ምንጣፍ ሥር መቅበር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ያደናቅፋል፣ ሽቦው ተረግጦ ሲላጥ ደግሞ እሳት ያስነሳል።

ባትሪው ከትራስጌ በሚስማር ይንጠልጠል፤ መሳቢያ ውስጥ ያለ ባትሪ በጨለማ ሲፈለግ ራሱ ያስወድቃል። ግቢው ውስጥ በፀሐይ የሚሞላ አነስተኛ መብራት ደረጃው ላይ ይሁን እንጂ ሰውየው ዓይን ውስጥ አይብራ።

በግቢው ጭቃ ላይ የተነጠፉ መረገጫ ድንጋዮች ከመሬቱ እኩል ይቀበሩ፤ ከመሐል እስከ መሐል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ፣ ተረግጠው የማይወላወሉ ይሁኑ። በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ግን አዛውንትን በሌሊት ግቢ ከማሻገር አልጋው አጠገብ ፖፖ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ነውር የለበትም።

3. ደፍና ደረጃ

ወረቀቱ ላይ በብዛት የሚያገኙት ይህ ነው፤ ሲጠገንም ብዙ ጊዜ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ደፍ ጎርፍ ለመከላከል ስለሚሠራ አፍርሱት አንልም። 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደፍ በሁለቱም ወገን 24 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት በልስን ይሠራለታል፤ ሕጉ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው። ደፉ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ተዳፋቱ በጣም ስለሚረዝም እንዳለ ይተውና ጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ነጭ ወይም ቢጫ ቀለም ይቀባ። ከፍ ያለና የሚታይ ደፍ፣ ዝቅ ካለና ከማይታይ ይሻላል።

ደረጃ ላይ የሚጥለው ቁመቱ አይደለም፣ አለመመሳሰሉ ነው። እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ቁመቱን ይማርና ቀሪውን ዓይን ሳያግዘው ይወጣል። ስለዚህ ሜትር ይዘው እያንዳንዱን ደረጃ በተናጠል ይለኩ፤ በአንድ መወጣጫ ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት ካለ መስተካከል አለበት። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ይመጣል፦ በረንዳው በኋላ ሴራሚክ ሲነጠፍበት የላይኛው ደረጃ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ወይም ግቢው አፈር ሲሞላ የታችኛው ያጥራል።

ለምሳሌ አራቱም ደረጃዎች 16 ሳንቲ ሜትር ነበሩ፣ ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ የላይኛው 19 ሆነ እንበል። ጠቅላላው 67 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 16.75 ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው መርገጫ በ0.75፣ ሁለተኛው በ1.5፣ ሦስተኛው በ2.25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ግንበኛው «ላይኛውን ብቻ ላስተካክለው» ካለ እሺ አይበሉት፤ ልዩነቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም።

ልስኑ እንዳይነሳ አሮጌው ፊት በመሮ ተቆርቁሮ ሻካራ ይሁን፣ አቧራው ይታጠብ፣ ርጥብ እያለ የሲሚንቶ ውሃ ይቀባ፤ ከዚያ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ3 እጅ የተነፋ አሸዋ ይለሰን። ከ1 ሳንቲ ሜትር የሳሳ ልስን በቅርፊት መልክ ይነሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መርገጫ መጀመሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጠርቦ ወደ ታች ይውረድና ያንኑ ጨምሮ ይሞላ። ፊቱ በመጥረጊያ ጭረት ይውጣለት፣ ሊሾ አይሁን። እርጥብ ጆንያ ለብሶ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ውጪ ያለ ደረጃ ላይ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ማንጠፍ ለዓይን ያምራል፤ ክረምት ሲገባ ግን የቤቱ አደገኛ ቦታ እሱ ይሆናል።

መደገፊያው ከመርገጫው ጠርዝ ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የአንድ ኢንች ከሩብ የብረት ቱቦ ውፍረቱ 4.2 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መዳፍ በደንብ ይጨብጠዋል፤ ጠፍጣፋ ጣውላ ለመደገፍ እንጂ ሲወድቁ ለመያዝ አይሆንም። ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደረጃ 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይቀጥል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው «ጨረስኩ» ብሎ እጁን በለቀቀበት በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ምስማሩ ምርጊቱን ሳይሆን ቋሚውን እንጨት ያግኝ። ሲጨርሱ ሁለት ጎልማሶች በሙሉ ክብደታቸው ይሳቡት፤ የሚነቃነቅ መደገፊያ ከሌለው ይብሳል፣ ሰው አምኖት ይደገፋልና።

4. ወለልና በዓል

ሊሾና ሴራሚክ ደርቆ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ያልተለቀለቀው ነው፤ ሳሙናው ይደርቅና ጠብታ ውሃ ሲያገኝ እንደገና ይንሸራተታል። ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ፣ እስኪደርቅም በሩ ላይ ወንበር ይቁም። ውዱእ የሚደረግበት ቦታ ውሃው ወደ መውረጃው እንዲሄድ ዝንባሌ ይኑረው፤ እግር የሚደርቅበት ወፍራም ጨርቅም ከዳር ይቀመጥ።

በበዓል ቀን የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ሲረገጥ ውሃውን ያወጣል፤ ሴራሚክ ላይ ሲሆን ያዳልጣል። አትጎዝጉዙ ማለት አይቻልም፣ በዓሉ ያለሱ አይደምቅም። ረከቦቱ ዙሪያ ይጎዝጎዝና ከበሩ እስከ መቀመጫው ያለው መተላለፊያ ባዶ ይቅር። ያልፈነዳ የፈንዲሻ ፍሬ በለሰለሰ ወለል ላይ ከሶል ሥር እንደ ኳስ ይንከባለላል፤ ቡናው እንዳለቀ ይጠረግ።

5. ጫማና ልብስ

ተረከዙ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ከኋላ የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ። ሸበጥ እግርን ስለማይዝ ጣት ሁልጊዜ ሊቆንጥጠው ይሞክራል፤ በዚህ ምክንያት እርምጃው ይጎተታል። ጥርሱ ያለቀ ግን ላዩ ደህና የሆነ ጫማ ጫማ ሰፊ ጋ ወስደው ሶሉን ያስቀይሩ። በሩ ላይ ጭቃ መፋቂያ ብረት ይተከል፤ ጭቃ የሞላው ሶል ጥርስ እንደሌለው ነው። የቀሚስ ጫፍ ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በተለይ ደረጃ ሲወጣ ከፊት ይያዝ። ጋቢ ሲለበስ ቢያንስ አንድ እጅ ውጪ ይሁን፤ ሁለቱም እጆች የተጠቀለሉበት ሰው ሲወድቅ በፊቱ ይወድቃል።

6. መንገዱ

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በኮረብታና በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከቁስቋም ወይም ከጎሃ ወደ ታች ሲወርዱ ቁልቁለቱ ራሱ ይገፋል። ቁልቁለት ላይ እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን ትንሽ ማጠፍ፣ ውስጥ እግርን በሙሉ ማሳረፍ። ተረከዝ ቀድሞ ሲያርፍ ነው የሚያዳልጠው።

ኮብልስቶን ብዙ ከተረገጠ ይለሰልሳል፤ ክረምት ደግሞ ጥላ ባለበትና ሰው በማያዘወትረው ዳር ዳሩ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣል። መሐሉን ይዘው ይሂዱ። ከረጅም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ከከባዱ ዝናብ ይልቅ ያዳልጣል፤ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ገና አልታጠበማ። ጎርፍ መንገዱን ከሸፈነ በጃንጥላው ጫፍ ወይም በከዘራው ፊት ፊቱን ይፈትሹ፤ ክዳኑ የጠፋ ቦይ ከውሃ በታች አይታይም። በሰፈርዎ እንዲህ ያለ ቦይ ካለ ዛሬውኑ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይትከሉበት፣ ከዚያ ለቀበሌ ያሳውቁ።

ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ ዕቃውን ለሁለት እጅ እኩል ያካፍሉ። ከደረት ጋር ታቅፎ የሚያዝ ዕቃ እግርን ከዓይን ይጋርዳል፤ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ስለሆነ በሁለት ዙር 10፣ 10 ማመላለስ ይቻላል። ባጃጅ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አይውረዱ። ስልክ የሚያነብ ሰው ይቁም፤ አንብቦ ሲጨርስ ይሂድ።

በጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የዛፍ ሥርና ድንጋይ ተያይዘው ወለሉን ወጣ ገባ አድርገውታል፤ ጠበል ሲረጭ ድንጋዩ ይርሳል፣ ሕዝቡም ወደ ውሃው ይገፋል። አዛውንትን ይዞ የሄደ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብሎ፣ ጀርባ የሚያስደግፍ ግድግዳ ይዞ ይቁም። የፋሲል ግቢ አሮጌ የድንጋይ ደረጃዎችም ቁመታቸው ስለማይመሳሰል ሲወርዱ ዓይን ከደረጃው አይነሳ፤ ማየት ያማረዎትን ቆመው ይመልከቱ።

7. ሰውነት

ሁለት ፈተና በቤት ይሠራል። የመጀመሪያው፦ ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር መሄድ፣ ዞሮ መመለስና መቀመጥ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደ የመውደቅ ስጋት አለ። ሁለተኛው፦ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል? ከ60 እስከ 64 ዓመት ያለች ሴት ከ12፣ ወንድ ከ14 በታች ከሆነ የእግር ጉልበት ቀንሷል።

ጉልበት ይመለሳል። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ተረከዝን ማንሳት 10 ጊዜ፣ ጠረጴዛ ይዞ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስተካክሎ 10 ሰከንድ መቆም፣ ጎን ለጎን 10 እርምጃ። ይህን ሁለት ዙር፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። በብዙ ጥናቶች ድምር ውጤት ሚዛንና ጉልበት የሚያሠራ እንቅስቃሴ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የአወዳደቅ ብዛት በ23 በመቶ ያህል ቀንሷል። በሦስተኛው ሳምንት የሚያቆሙት ብዙዎች ናቸው፤ ጉልበቱ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ብድግ ሲሉ የሚያዞርዎ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደው 5 ደቂቃ ተኝተው፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ የደም ግፊትዎን ያስለኩ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ ይፈለጋል። የግፊት፣ ሽንት የሚያበዛ፣ የእንቅልፍ መድኃኒትና እንደ አሚትሪፕቲሊን (ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ) ያሉት ይህን ያመጣሉ፤ ሐኪም ሳያማክሩ ግን አያቁሙ። በጾምና በሰሞነ ሕማማት ስግደት ራስ ማዞር ይበዛል፦ ከስግደት ሲነሱ መጀመሪያ በጉልበት ቆመው ሁለት ትንፋሽ ይቆዩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለዐቢይ ጾምም ሆነ ለረመዳን ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር። የዓይን ሞራም በቀዶ ጥገና የሚድን የመውደቅ ምክንያት ነው።

8. ወድቆ ሲገኝ

የሰፈራችን ደግነት እዚህ ላይ ይጎዳል፤ ሦስት አራት ሰው ብብቱን ይዞ ያነሳዋል። አይንኩት። አንድ ደቂቃ ባለበት ይቆይ፣ ስሙንና የት እንዳለ ይጠየቅ፣ እጅና እግሩን ራሱ ያንቀሳቅስ። ደህና ከሆነ በጎኑ ይገልበጥ፣ በእጅና ጉልበቱ ይቁም፣ ወንበር ይቅረብለት፣ ጠንካራውን እግር ከፊት አድርጎ ራሱ ይነሳ።

አንገቱን ካመመው፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጪ ከዞረ፣ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ራሱን ተመትቶ ካስታወከ ወይም ከተደነጋገረ፣ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስድ ሆኖ ራሱን ከተመታ አምቡላንስ ይጠራ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። የዳሌ ስብራት በሁለት ቀን ውስጥ ቀዶ ጥገና ቢያገኝ ውጤቱ የተሻለ ስለሆነ «ነገ ይሻለው ይሆናል» አይባልም። ራሱን የተመታ አዛውንት ደህና መስሎ ከሳምንታት በኋላ እንኳ እንቅልፍ ቢበዛበት፣ ራሱን ቢያመው ወይም አንድ ጎኑ ቢደክም ያ አወዳደቅ ለሐኪሙ ይነገር።

ወጌሻ ጋ ስለመሄድ በግልጽ እንናገር። ያበጠ ቦታ ራጅ ሳይነሳ አይታሽ፤ ስብራት ከሆነ ማሸት አጥንቱን ያፈናቅለዋል። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ወይም እግር ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ ይፈታና ወደ ሆስፒታል ይኬድ። ደም ያጣ ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ሌሊቱን ማሳደር እጅን ወይም እግርን እስከ መቆረጥ ያደርሳል። እስከ ሕክምና ድረስ በካርቶንና በነጠላ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ ጨምሮ ላላ አድርጎ መደገፍ ይበቃል።

ስብራት የሌለው ሰው በማግስቱ ጀምሮ ይራመድ። ወድቆ የፈራ ሰው አልጋ ይወዳል፣ አልጋም ጉልበቱን ይወስዳል። የመጀመሪያው ቀን ከሰው ጋር እስከ ግቢው በር፣ በሦስተኛው ቀን እስከ ጎረቤት፣ ከዚያ ብቻውን። አብሮት የሚሄደው ሰው ክንዱን አይያዘው፤ ክንዱን ይስጠውና እሱ ይያዝ።